እማዋይሽን የጠየቅኋት ቀን

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት መድኃኒቴን ልወስድ መካነ ሰላም ከአንድ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ፊት ቆሜ ሳለሁ፣ ፋርማሲስቷ ከመደርደሪያ ስታወርድ አንድ ብልቃጥ አመለጣትና ሲሚንቶው ላይ ተሰበረ። ይቅርታ እየጠየቀች መጥረጊያ ልታመጣ ወደ ውስጥ ገባች። ቢጫው ፈሳሽ እስከ ጫማዬ ድረስ ተዘረጋ፤ ሽታውም ተከትሎት መጣ። የቢ ኮምፕሌክስ ቫይታሚን ሽታ ነው። የማያውቀው ሰው የመድኃኒት ሽታ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ነጭ ጋውን ለብሼ የኖርኩ ነርስ ነኝና ሽታው ይዞኝ ሄደ። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ጉልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። መድኃኒቴን በፌስታል አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ ስወጣ መንገድ ላይ ሰላም ያሉኝን ሰዎች መልሼላቸው ይሁን ሳልመልስላቸው አላውቅም፤ ልቤ ያ ዘመን ላይ ነበር።

ያኔ መካነ ሰላም እንደዛሬው አልነበረችም። ዛሬ አስፋልቱ አልፎባታል፣ ባጃጅ ይርመሰመስባታል፣ ደሴ ደርሶ መመለስም እንደ ጉዳይ አይወራም። ያኔ መንገዱ ጠጠር ነበር፤ አውቶቡሱ ከደሴ ሲገባ ተሳፋሪው ሁሉ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ፣ ወጣቱም ሽማግሌ መስሎ ይወርዳል። መናኸሪያው አጠገብ በነበረች አንዲት ሻይ ቤት ቴፕ ሲዘፍን ይውላል፤ ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ እየተጎተተ ይሄዳል፣ እኛም ለቀልድ እንደዚያው እየጎተትን አብረን እንዘፍን ነበር። በአንድ ብር ስድስት እንቁላል ይገኛል። የመጀመሪያ ደመወዜን ተቀብዬ የገዛሁት ሰማያዊ የቴትሮን ጉርድ ቀሚስና ባለ ተረከዝ ጥቁር ጫማ ነበር፤ ጫማው የመካነ ሰላምን ጭቃ አንድ ክረምት አልዘለቀውም፣ ከዚያ በኋላ እንደ ሰዉ ሁሉ ኮንጎ ጫማ አጠለቅሁ። በገበያ ቀን ወንዶቹ የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው፣ ሴቶቹ መቀነታቸውን አጥብቀው፣ ከከላላ በኩል፣ ከማሻ በኩል፣ ከአባይ በረሃ በኩል በበቅሎም በእግርም ይመጣሉ። ንፋሱ ያው የዛሬው ንፋስ ነው፤ እሱ ብቻ ነው ያልተለወጠ።

የምሠራበት ጤና ጣቢያ ጣሪያው ባዶ ቆርቆሮ ስለነበር ዝናብ ሲወርድ ታማሚው የሚለው አይሰማም። ደጁ ላይ ከባሕር ዛፍ የተሠራ ረጅም አግዳሚ ነበረ። በገበያ ቀን ሰዉ በጉን ወይም ባቄላውን ከሸጠ በኋላ ሕመሙን ይዞ ወደኛ ይመጣል። አንዱ ግራ ጎኔን ይወጋኛል ይላል፤ ሌላዋ መሀል ራሴን ያቃጥለኛል ትላለች፤ ልቤ ያለ ምክንያት ይመታል፣ ሰውነቴ አልታዘዝ አለኝ፣ ደረቴ ላይ የወፍጮ ድንጋይ የተጫነ ይመስለኛል የሚልም አለ። ጨነቀኝ፣ ፈራሁ፣ አዘንኩ ብሎ ካርድ ያወጣ ሰው ግን አላስታውስም። እኛም አንጠይቅም። ጎኑን ለሚወጋው አስፕሪን፣ ሆዱን ለሚያቃጥለው የጨጓራ ኪኒን፣ ከበረሃ ለወጣው የወባ መድኃኒት፣ ምኑም ላልታወቀው የቢ ኮምፕሌክስ መርፌ እንሰጣለን። ሰዉም መርፌ ይወዳል፤ ሳይወጋ ከሄደ እንደ ታከመ አይቆጥረውም። ዛሬ ሬዲዮው «ድባቴ» ይላል፣ ወጣቶቹ ሐኪሞችም የተጻፈ መጠይቅ ይዘው እንቅልፍዎ እንዴት ነው፣ ደስ የሚልዎ ነገር አለ ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። እኛ ቃሉም አልነበረን፣ ጥያቄውም አልነበረን። ስለ አእምሮ ሕመም የተማርነው ልብሱን ጥሎ ስለሚሮጥ ሰው ነበር። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ጸጉሯን ተሠርታ፣ አግዳሚው ላይ ተራዋን ስለምትጠብቅ ሴት ማንም ያስተማረን አልነበረም።

እማዋይሽ እንደዚያ ያለች ሴት ነበረች። በዕድሜ በአምስት በስድስት ዓመት ብትበልጠኝ ነው። ባሏ ቄስ ይመር ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ደብር የሚቀድሱ፣ ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ነበሩ። አራት ልጆች ወልዳ አራቱም አድገውላታል። ረጅም፣ ጠይም፣ ስትራመድ ቀና የምትል ሴት ናት፤ ከአግዳሚው ግን ሁልጊዜ የመጨረሻውን ጫፍ መርጣ ነው የምትቀመጠው። ስትገባ መዳፏን መሀል ራሷ ላይ ታሳርፍና፣ «እዚህ ጋ ያቃጥለኛል፤ ከዚያ ይወርድና ልቤን ያርበደብደዋል» ትላለች። ሌላ ቃል አትጨምርም። ሰገራዋን መረመርን፣ ደሟን መረመርን፣ ኃላፊያችን ጤና መኮንኑ አቶ ደምሴ ደረቷን ደጋግመው አዳመጡ፤ ምንም አልተገኘም። በዚያ ዓመት ከቁም ሳጥናችን ያልሰጠናት ኪኒን አልነበረም። እየቆየ ስሟ ሲጠራ ከካርድ ክፍሉ ጀምሮ መሳሳቅ ይጀመራል፤ «የራስ ቃጠሎዋ መጣች» እንባባላለን። እኔም እስቅ ነበር። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ ባለኝ፤ ግን እስቅ ነበር። መርፌዋን ወግቼ፣ ትከሻዋን መታ መታ አድርጌ፣ «አብሽሩ፣ ይተውዎታል» ብዬ እሸኛታለሁ። አብሽር የሚለው ቃል በኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም የተጨነቀን ሰው የሚያጽናናበት ትልቅ ቃል ነው። እኔ ግን ሰውን ከበር ማስወጫ አድርጌው ነበር።

አንድ የገበያ ቀን፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰዉ ሁሉ ከሄደ በኋላ መጣች። ጋውኔን ላወልቅ አንድ እጄን ከእጅጌው አውጥቻለሁ። ከመቀነቷ ውስጥ የተቋጠረ ጨርቅ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ፈታችው። ዓመቱን ሙሉ የሰጠናት ኪኒን ነው፤ ነጩም፣ ቢጫውም፣ ቀዩም።

«ልጠይቅዎ ብዬ ነው» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ። «ከነዚህ የትኛው ነው ብዙ የሚያስተኛው?»

ለምን እንዳልወሰደችው ስጠይቃት፣ ጸበል ላይ ስለነበረች ከጸበል ጋር ኪኒን አይሆንም እንዳሏትና እንዳስቀመጠችው ነገረችኝ። ታዲያ አሁን ለምን ፈለጉት አልኳት። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰበሰበች። ያን ጊዜ ነው ያንን የሚያህል ረጅም ሴት እንዴት እንደ ከሳች ያየሁት፤ የእጅጌዋ አፍ ለሁለት ክንድ ይበቃል። ጨርቁን ቀስ አድርጌ ወደ ራሴ ሳብኩና መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት። ከዚያ ከጠረጴዛው ወዲያ መቀመጤን ትቼ አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ።

«እማዋይሽ፣ መሞት ያስባሉ?»

እንዲህ ብዬ ሰው ጠይቄ አላውቅም። ቃሉን ካነሣሁት እኔው ራሴ ሐሳቡን የማስገባባት መስሎኝ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን አልደነገጠችም። ከባድ ሸክም ያወረደ ሰው እንደሚተነፍሰው ተነፈሰች።

«መሞት እንኳ አላልኩም» አለችኝ። «ተኝቶ አለመነሣት ነው እንጂ። የምፈራው ሲነጋ ነው።»

ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ ያልተናገረችውን ተናገረች። ማንም አልሞተባትም። ቄስ ይመር ክፉ ቃል ተናግረዋት አያውቁም። ላሟ ታልባለች፣ ጎተራው ባዶ አይደለም። ግን ካቻምና መስከረም ከጠባ ወዲህ ሁሉም ነገር እየራቃት ሄደ። ልጆቿ ሲስቁ ከወንዝ ማዶ የሚስቁ ያህል ነው የሚሰማት። እህል አፏ ውስጥ ገለባ ይሆንባታል። ገና ዶሮ ሳይጮህ ትነቃለች፤ ስትነቃ ልቧ የሚያሳድደው እንዳለ ሁሉ ይደልቃል። ቤተ ክርስቲያን ሴቶቹ እልል ሲሉ እሷ አፏን ትከፍታለች፣ ድምፁ ግን አይወጣም። ያሳፈራት ደግሞ ምክንያት ማጣቷ ነው። ልጁ የሞተበት ያለቅሳል፣ ያጣ ሰው ይማረራል፤ እሷ ምን ትበል?

«ምንም ሳይጎድልብኝ ጎደለብኝ» አለችኝ። «ይሄን ለማን ይናገሩታል? እግዜርን ማማረር ነው።»

ዘበኛው በሩን ሊቆልፍ መጥቶ ሁለት ጊዜ መለስኩት። ብቻዋን ወደ አገሯ እንድትመለስ አላደረግሁም፤ ቤቴ ወሰድኳት፣ ከሰፈሯ ለገበያ ከመጡ ሰዎች በአንዱም ለባሏ ላክሁባቸው። በማግስቱ ረፋድ ላይ ቄስ ይመር በበቅሎ ደረሱ። ሞታለች ብለው ነው የመጡት፤ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብላ ሲያዩዋት ከበቅሏቸው ወርደው ልጓሙን እንደያዙ ለብዙ ጊዜ ቆሙ። የነገረችኝን፣ እንድነግራቸው ፈቅዳልኝ፣ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። መሬት መሬቱን እያዩ ሲያዳምጡ ቆዩና፣ ዓመቱን ሙሉ ጸበል እንዳስጠመቋት፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ምጥ እንደ ያዛት ሴት ሁሉ ደጃፋቸውን ዘግተው እንደ ያዟት ነገሩኝ። የካህን ቤት ነው፤ በካህን ቤት መንፈስ ገባ ከተባለ ነገ ማንን ይመክራሉ? ጸበሉን ደግሞ አልተውም አሉኝ፣ የምከለክላቸው መስሏቸው።

«ጸበሉን ማን ተዉ አለዎት?» አልኳቸው። «ጠዋት እርስዎ ያጥምቋት፤ ማታ ኪኒኗን ትውሰድ። ሁለታችንም የምንደክመው ለአንድ ሰው ነው።»

«ልጄ፣ ትድናለች?» አሉኝ በመጨረሻ።

«አላውቅም አባቴ። ዝም ብለን ብንተዋት የሚሆነውን ግን አውቃለሁ።»

ደሴ እንዲህ ዓይነት ታማሚ የሚያዩ ሐኪም እንዳሉ ሰምቼ ስለነበር የሪፈር ወረቀት ለማጻፍ ወደ አቶ ደምሴ ገባሁ። አቶ ደምሴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ያንን ሁሉ አገር ይዘው ጤና መኮንኑ እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ደጁ ላይ ወላድ ይጠብቃል፣ አጥንቱ የተሰበረ ይጠብቃል። ለራስ ቃጠሎ ደሴ ድረስ ምን ብዬ ልላካት፣ ይስቁብኛል አሉ። ኪኒኑን የቋጠረችበትን ጨርቅ ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁትና የጠየቀችኝን ጥያቄ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። ምን ብለው እንደሚጽፉ ግን አሁንም አላወቁም። ሳይጽፉልኝ አልወጣም ብዬ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ወላዷን ዓይተው ተመለሱ፣ አለሁ፤ የተሰበረውን ዓይተው ተመለሱ፣ አለሁ። በመጨረሻ «ለተጨማሪ ምርመራ» የምትል አንዲት መስመር ጽፈው ማኅተም መቱልኝ። ለኔ መስመሯ በቃችኝ።

ሦስታችን በማለዳው አውቶቡስ ተሳፈርን። ቄስ ይመር ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው፤ እኔ ያንን ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሼ። ደጋው ጉጉፍቱ ላይ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጉልበታችንን ይዞን ነበር፤ ሾፌሩ ግን ዘፈኑን ከፍ አድርጎ ይነዳል፣ ከኋላ የተቀመጡ ነጋዴዎች ያጨበጭባሉ። እማዋይሽ ከአገሯ ወጥታ አታውቅም፣ ሆኖም በመስኮቱ አንድ ጊዜ እንኳ አልተመለከተችም። ደሴ ስንወርድ የሱቁን ብዛት፣ ከጣሪያ እስከ ወለል የተሰቀለውን ሐር መሳይ ጨርቅ፣ የሰዉን ግፊያ ዓይታ የቀሚሴን ጫፍ ያዘች፤ ሆስፒታሉ እስክንደርስ አልለቀቀችውም። ሐኪሙ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። ብዙ ጠየቋት፣ ትንሽ ጻፉ። ከዚያ ወደ ቄስ ይመር ዞረው ይህ የእምነት መጉደል አይደለም፣ ምስጋና ቢስነትም አይደለም፣ እንደ ተስቦ ሁሉ ጻድቁንም ኃጥኡንም የሚይዝ በሽታ ነው አሏቸው። ቄስ ይመር ያን ሲሰሙ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ኪኒኑ ከእሳቸው ዘንድ ተቀምጦ በየማታው አንዳንድ እንዲሰጧት፣ አፏ እንደሚደርቅ፣ ሳምንታት ካላለፉ ለውጥ እንደማይታይ፣ ቢሻላትም በራሷ እንዳታቋርጥ ተነገረን። ልንወጣ ስንል ሐኪሙ እኔን ለይተው ጠሩኝና በየሳምንቱ እይያት አሉኝ፤ ባይሻላትም እይያት። በመልሱ መንገድ ላይ እማዋይሽ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቺ አለችኝ። «ቀሚስሽን አጨማደድኩብሽ» ነበር ያለችው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ለማውራት አይመችም፣ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። በየገበያው ትመጣለች፤ እጠይቃታለሁ፤ ያው ነው ትለኛለች። አፌ ደረቀ፣ እንደ ሰከረ ሰው ያዞረኛል፣ ይቅርብኝ አለች። ጎረቤቶቿም ኪኒኑ አደነዘዛት ማለት ጀምረው ነበር። በአምስተኛው ገበያ ቀረች። በማግስቱ ከአንድ ነጋዴ በቅሎ ተውሼ ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር በቅሎ መቀመጥ አልችልበትም፣ ስደርስ ወገቤ ለሁለት የተከፈለ መስሎኝ ነበር። ዝተቷን ተከናንባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ምክር አልነበረኝም። አጠገቧ ተቀምጬ ኪኒኗን መውሰዷን ጠየቅሁ፣ ቄስ ይመር እየሰጧት እንደሆነ አረጋገጡልኝ። ልሄድ ስነሣ የሚመጣው ሳምንት ካልመጣች እኔ እንደምመጣ ነገርኳት።

«መንገዱ አያደክምሽም?» አለችኝ ከዝተቱ ውስጥ።

«ያደክመኛል። ግን እመጣለሁ።»

በሚቀጥለው ገበያ እሷ መጣች። አልተሻላትም ነበር፤ የመጣችው ለኔ ወገብ አዝና እንደሆነ በኋላ ነግራኛለች። እንዲህ እንዲህ እያልን መስከረምን ተሻገርን። አንድ ቀን ሽንኩርት ልገዛ ገበያ ወርጄ በጌሾ ተራ ሳልፍ አንዲት ሴት ከነጋዴ ጋር ስትጨቃጨቅ ሰማሁ። ጌሾው የአምና ነው፣ ዘንድሮ የተቀጠፈ እንዲህ አይሸትም ትላለች፤ ነጋዴው ወሏሂ የዘንድሮ ነው እያለ ይምላል፤ ቅጠሉን አሸታ አፍንጫው ሥር ትይዝለታለች። እማዋይሽ ናት። ለካ ያቺ ሴት እንደዚህ ያለ ድምፅ ነበራት። ዘምቢሌን ይዤ ከኋላዋ እንደቆምኩ እንባዬ መጣ። ዞር ብላ አየችኝ።

«ምን ሆንሽ? ጌሾው እኮ የአምና ነው» አለችኝ፣ የማለቅሰው ስለ ጌሾው ይመስል።

ከዚያ ወዲህ እኔም ሥራዬን እንደ ድሮው ልሠራው አልቻልኩም። ጎኔን ይወጋኛል ላለኝ ሁሉ ጎኑን ካየሁ በኋላ እንቅልፉን እጠይቃለሁ፣ ሲነጋ ምን እንደሚሰማው እጠይቃለሁ። ተራው ረዘመ፣ አግዳሚው ሞላ፣ አቶ ደምሴ ይቅርብሽ ብለው ተነጫነጩ። እንቢ አልኩ። ምሳዬን ቆሜ እየበላሁም ቢሆን እጠይቃለሁ አልኩ። ሁሉም እንደ እማዋይሽ አልሆነም፤ ከበረሃው በኩል የመጣ አንድ ገበሬ ሰዉ በበዛበት ቀን ሳልጠይቀው ሸኝቼው፣ በሌላ ሳምንት መርዶው ደርሶኛል። የሱን ፊት ዛሬም አልረሳሁትም። ለቀሪው ዘመኔ ስደክም ያስነሣኝ የነበረው እማዋይሽ መዳኗ ብቻ አልነበረም፣ ያ ሰውም ነበር። ከጊዜ በኋላ ደግሞ አቶ ደምሴ ራሳቸው በሬን አንኳኩተው፣ ደረቱን አዳምጠው ምንም ያጡበትን ሰው እያስገቡ፣ «እስቲ ይህን ሰው አንቺ ጠይቂው» ማለት ጀመሩ። እማዋይሽም ሕመሙ አንድ ጊዜ ተመልሶባታል። ያን ጊዜ ግን ዓመት አልጠበቀችም፤ በእግሯ መጥታ ከአግዳሚው ፊተኛው ቦታ ላይ ተቀመጠችና፣ «መጣብኝ፤ መድኃኒቱን ልጀምር» አለችኝ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው እንደሚናገረው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የመድኃኒቱ ሽታ ብቻ አይደለም። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ እማዋይሽና ቄስ ይመር ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። እሷ ከፊት፣ እሳቸው በምርኩዝ ከኋላ። እሷ ፈጽሞ ሸብታለች፣ አረማመዷ ግን ያው ቀና ያለው ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ የልጆቹን ደህንነት ተጠያየቅን፣ ስላለፉት የጭንቅ ዓመታት፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ጠፍቶ ስለከረምንበት ጊዜ ትንሽ ተነጋገርን። ከዚያ እማዋይሽ ብድግ አለች።

«እኔ ውጭ ፀሐይ እሞቃለሁ» አለችኝ። «አንቺ ጠይቂው። እኔ ስጠይቀው ደህና ነኝ ነው የሚለኝ።»

ቄስ ይመር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ አሉኝ። ጉልበታቸውን ጠየቅሁ፣ ደህና ነው። ምግብ ጠየቅሁ፣ ደህና ነው። እንቅልፍ ስጠይቃቸው መልሱ ዘገየ። አልቸኮልኩም፤ ጡረተኛ ነኝ፣ የሚጠብቀኝ ተራ የለም። ምርኩዛቸውን አሽከረከሩና ጥምጥማቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ከእነዚያ የጭንቅ ዓመታት ወዲህ ለቅዳሴ ሲቆሙ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። እጃቸው ይርዳል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ አሁን ወደቅሁ እያሉ መጋረጃውን ይይዛሉ። ሦስት ጊዜ ጉልበቴን አሞኛል ብለው ከአገልግሎት ቀርተዋል። ጉልበታቸው ምንም አልሆነም።

«ለሰው ሁሉ አይዞህ ስል የኖርኩ ካህን እንዴት እፈራለሁ?» አሉኝ።

እኔም ፈርቼ አውቃለሁ አልኳቸው። ከጡረታ በኋላ፣ ባሌ ካረፈ ወዲህ፣ ዓይኔን ሳልከድን ያነጋሁበት ብዙ ቀን እንዳለ ለማንም ያልነገርኩትን ለእሳቸው ነገርኳቸው። ከዚያ ነገ ጠዋት እዚሁ መካነ ሰላም ሆስፒታል እንደምንሄድ፣ ሦስታችንም አንድ አግዳሚ ላይ እንደምንቀመጥ፣ እኔም ስሜን እንደማስመዘግብ ነገርኳቸው። ጥምጥማቸውን አገላበጡ።

«ሰዉ ያየናል እኮ» አሉኝ።

«ይየን» አልኳቸው።

በማግስቱ ሄድን። ሰዉም አየን። ከደብራቸው የመጡ ሁለት ሴቶች ጉልበታቸውን ስመው ምን አገኘዎት አባቴ ሲሉ ጠየቋቸው። እማዋይሽ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ቄስ ይመር በእጃቸው አስቆሟት። «ጭንቀት ይዞኛል፤ ልታከም ነው» አሉ። አንደኛዋ ሴት ደንግጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ሌላዋ ግን አልሄደችም፣ ጥቂት ካመነታች በኋላ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ውስጥ ያለው ወጣት ሐኪም የቄስ ይመርን ስም ጠራ። ምርኩዛቸውን ለእማዋይሽ ሰጧትና ማንንም ሳይደገፉ ተነሥተው ገቡ።